ከበርሜል እስከ ባሕር፦ በካርቲየ 5 የውኃ ውስጥ ሮቦት ለሚሠሩ ተማሪዎች

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 ያደገ ልጅ ባሕሩን የሚያውቀው ከላይ ነው። ጀልባውን ያያል፣ መርከቡን ያያል፣ ኮንቴይነሩ ተጭኖ ወደ ገላፊ ሲነዳ ያያል። ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ 90 በመቶ ገደማ የሚያልፈው በዚሁ ውኃ ነው። ከሥሩ ደግሞ አህጉርን ከአህጉር የሚያገናኙ የኢንተርኔት ኬብሎች ወለሉ ላይ ተዘርግተው ጅቡቲ ላይ ወደ የብስ ይወጣሉ። ያንን የታችኛውን ዓለም በትንሽ ገንዘብ ለማየት የሚያስችል ሮቦት በተማሪ እጅ እንዴት እንደሚሠራ እነሆ።

የምትሠሩት ይህን ነው፦ ከፕላስቲክ ቧንቧ የተገጣጠመ አካል፣ ሦስት ትንንሽ ሞተሮች፣ አንድ ካሜራ፣ 15 ሜትር ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለ የስዊች ሳጥን። ኮምፒውተር የለውም፣ ፕሮግራም አይጻፍለትም። አምስት ሜትር ጠልቆ ወለሉን ካሳያችሁ ሥራውን ሠርቷል። «ያለ ሽቦ ለምን አይሆንም?» ለሚል፣ የዋይፋይና የብሉቱዝ ሞገድ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ከጥቂት ሴንቲሜትር አያልፍም። የነዳጅ ኩባንያዎች ባሕር ወለል ላይ የሚያሠሯቸው ውድ ሮቦቶች እንኳ በገመድ የሚነዱት ለዚህ ነው።

የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ የሚያናንቅ ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። አሜሪካ ውስጥ ሜት የሚባል የተማሪዎች የውኃ ውስጥ ሮቦት ውድድር ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይካሄዳል፤ ከግብፅም ቡድኖች ይሄዱበታል። በ2004 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ላይ በተደረገው ውድድር ከአሪዞናው ካርል ሄይደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጡ፣ የመኖሪያ ወረቀት ያልነበራቸው አራት የሜክሲኮ ስደተኛ ልጆች ከዩኒቨርሲቲዎች ምድብ ገብተው ኤምአይቲን አሸነፉ። ሮቦታቸው የቧንቧ ሥራ ነበር፤ ሙጫው ስለሚሸት «ግማታሙ» የሚል ስም አወጡለት። ያወጡት ገንዘብ 800 ዶላር ገደማ እንደነበር ይነገራል፣ በጅቡቲ ፍራንክ ከ140 ሺህ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑ ውኃ ማስገባት ሲጀምር ከሱቅ ታምፖን ገዝተው ውስጡ አስገቡና እርጥበቱን አስመጠጡት። እናንተ የምትሠሩት ከእነሱ በጣም የቀለለ ነው። ቅርብ ዘመዱ ኤምአይቲ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ሲፐርች የተባለው የትምህርት ቤቶች ፕሮግራም ነው፤ እዚያም ተማሪዎች የሚሠሩት በቧንቧ፣ በሰም በታሸገ ሞተርና በኔትወርክ ኬብል ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ቡድኖች የሚቸገሩት ኤሌክትሪክ ስለማያውቁ አይደለም፤ ውኃውን ለመጨረሻው ቀን ስለሚያቆዩት ነው። ወር ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ሲያሳምሩት ይከርማሉ። ባሕር ዳር ይዘውት ሲሄዱ ይገለበጣል፣ ወይም ቀጥ ብሎ ይሰምጣል፣ ወይም ካሜራው ውኃ ጠጥቶ ይጠፋል። በዚህ መመሪያ ግን እያንዳንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር ከመገጣጠሙ በፊት ውኃ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢያችሁ በርሜል ነው።

በርሜሉና ቡድኑ

አፉ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት፣ ሰማያዊ፣ ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ፈልጉ። ምን ተጭኖበት እንደመጣ ጠይቁ፤ የኬሚካል ከሆነ ይቅርባችሁ። ግቢ ውስጥ ጥላ ያለበት ጥግ አስቀምጡትና ከዚያ ሙሉት፤ አንዴ ከሞላ 200 ኪሎ ነውና ወዲያ ወዲህ ማለት የለም። ካርቲየ ውስጥ ግቢ የጋራ ነው። እናቶችን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ሥራ ስትጨርሱ ደግሞ ክዳኑን ግጠሙና ከባድ ነገር ጫኑበት። ሕፃን ልጅ የሚሄድበት ግቢ ውስጥ ክፍት በርሜል ውኃ አይተውም።

ቡድኑ ከአራት እስከ ስድስት ሰው ቢሆን ይበቃል። አንዱ አካሉን፣ አንዱ ሽቦውን፣ አንዱ ካሜራውን ይያዝ፤ አንዱ ደግሞ ደብተር ይያዝ። ደብተር የሚይዘው ሰው ዝም ብሎ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። የትኛው ሞተር ስንት አምፔር እንደሳበ፣ የትኛው ሙጫ እንደለቀቀ ካልተጻፈ በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ስሕተት ትደግማላችሁ። ነጂውን አስቀድማችሁ አትምረጡ። ሁሉም በርሜሉ ላይ ይሞክርና እጁ የረጋው ይንዳ፤ ብዙ ጊዜ ዝምተኛዋ ልጅ ትሆናለች።

ከዚያ ጥያቄ ያዙ። «ሮቦት እንሥራ» ጥያቄ አይደለም። «የዓሣ አጥማጁ ጀልባ ሆድ ላይ ምን ያህል ቅርፊት በቅሏል?»፣ «የጠፋው መልሕቅ የት ወደቀ?»፣ «አምስት ሜትር ላይ ያለው ውኃ ከላዩ በስንት ዲግሪ ይቀዘቅዛል?» ግን ጥያቄዎች ናቸው። መልሕቅ ለመፈለግ መንጠቆ ያስፈልጋል፣ ሙቀት ለመለካት ቴርሞሜትሩ ካሜራው ፊት ይታሰራል። አሠራሩን የሚወስነው የያዛችሁት ጥያቄ ነው።

ለግዢ ስትወጡ ሰዓቱን እወቁበት። ኬንካይሪዎቹ፣ የቧንቧና የመሣሪያ ሱቆቹ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ዘግተው ወደ 10 ሰዓት ላይ ነው የሚከፍቱት። ጫት ከገባ በኋላ ስለ ፊውዝ የሚያዋራችሁ ሰው አታገኙም። ጠዋት ሂዱ፣ የምትፈልጉትን ዕቃ በእርሳስ ሥላችሁ ሂዱ፤ ሶማሊኛም፣ ዓፋርኛም፣ ዓረብኛም፣ ፈረንሳይኛም በሚነገርበት ሱቅ ሥዕል ለሁሉም ይገባል።

አካሉ

ባለ 20 ወይም ባለ 25 ሚሊሜትር የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ አራት ሜትር ያህል፣ ስምንት ጎሚቶና አሥር ቲ ግዙ። ውፍረታቸው አንድ ዓይነት መሆኑን ሱቁ ውስጥ ገጥማችሁ አረጋግጡ። ቧንቧውን በሰጌቶ ቁረጡ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ርዝመታቸው 30፣ ቁመታቸው 20 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘን ጎኖች ሥሩ። ሁለቱን ጎኖች 22 ሴንቲሜትር በሚሆኑ አራት አግዳሚ ቧንቧዎች አገናኟቸው። የተረፉት ሁለት ቲዎችና ቁርጥራጮች ሞተር ለመያዝ ያገለግላሉ።

ሙጫ አሁን አትቀቡ። የዚህ ቅርጽ ትልቁ ጥቅም ተፈታትቶ መገጠሙ ነው፤ ሞተሩን ሁለት ጣት ወደፊት ማስጠጋት የምትፈልጉበት ቀን ይመጣል። ቅርጹ ሲጸና በየመጋጠሚያው አንድ የማይዝግ ብሎን ይበቃዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፦ ቧንቧዎቹን በትራፓኖ ብሱ። በእያንዳንዱ ቧንቧ ላይና ታች ባለ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይኑር። ቧንቧው ውስጥ አየር ከታፈነ ሮቦቱ አንዴ ይንሳፈፋል፣ ውኃው ቀስ እያለ ሲገባ ደግሞ ይሰምጣል፣ እናንተም ሚዛኑን ስታሳድዱ ትውላላችሁ። የታችኛው ቀዳዳ ውኃ ያስገባል፣ የላይኛው አየር ያስወጣል። ባዶውን አካል በርሜሉ ውስጥ ንከሩትና አረፋው እስኪያልቅ ጠብቁ። ሙሉ በሙሉ ከሰመጠ ልክ ነው፤ ማንሳፈፉ ሌላ ሥራ ነው፣ በኋላ እንመጣበታለን።

ሞተሮቹ

ሦስት ያስፈልጋሉ። ሁለቱ ግራና ቀኝ ከኋላ፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚገፉ፤ ሦስተኛው መሐል ላይ፣ ወደላይና ወደታች የሚገፋ። ሁለቱ አብረው ሲገፉ ሮቦቱ ወደፊት ይሄዳል። አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ ሲገፋ ባለበት ይዞራል፤ መሪ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ሁለቱ እርስ በርስ በተራራቁ መጠን መዞሩ ይቀልለዋል።

ሁለት መንገድ አለ። ገንዘብ ካላችሁ የጀልባ ውኃ ማውጫ ፓምፕ ግዙ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ በሰዓት 500 ጋሎን ማለትም 1,900 ሊትር ገደማ የሚያወጣውን ትንሹን። ውኃ ውስጥ እንዲኖር የተሠራ ስለሆነ የማሸግ ጣጣ የለበትም። የፕላስቲክ ቅርፊቱን ታወልቃላችሁ፣ ውኃ የሚገፋውን ክንፍ ከዘንጉ ታወጣላችሁ፣ በቦታው የአሻንጉሊት ጀልባ ፕሮፔለር ታስገባላችሁ። ጀልባ ላይ የተቃጠለ ፓምፕ ሲቀየር አሮጌው ይጣላል፤ አንዳንዴ ሞተሩ ደኅና ሆኖ የተበላሸው መክፈቻው ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጁን «ዋላል» ብላችሁ ሰላም ካላችሁትና ምን እንደምትሠሩ ካሳያችሁት የሚነፍጋችሁ አይመስለኝም።

ገንዘብ ከሌለ የመጫወቻ መኪና ወይም የአሮጌ ፕሪንተር ሞተር በሰም ታሽጋላችሁ። ዝርዝሩ ይህ ነው። ሽቦውን በስታኞ በየዱ። የሞተሩን ቀዳዳዎች ሁሉ በናስትሮ ጥቅልል አድርጋችሁ ሸፍኑ፣ ዘንጉ ብቻ ይውጣ። የመድኃኒት ፕላስቲክ ብልቃጥ ወስዳችሁ ሥሩን ዘንጉ ጠበብ ብሎ በሚያልፍበት ልክ ብሱ። የሻማ ሰም ብቻውን ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከቫዝሊን ጋር ቀላቅላችሁ በጣሳ፣ ጣሳውን ደግሞ በፈላ ውኃ ውስጥ አድርጋችሁ አቅልጡት። በቀጥታ እሳት ላይ የተጣደ ሰም ይነዳል። ብልቃጡን ሲሦ ያህል ሙሉ፣ ሞተሩን ግፉበት፣ ከላይ ጨምራችሁ አየር እስከማይቀር ድረስ ሙሉት፣ ሽቦውን በክዳኑ አውጥታችሁ በኤፖክሲ ዝጉት። ዘንጉ በሚወጣበት አንገት ላይ ግራሶ ቀቡ። ሳይደርቅ ዘንጉን በጣት አዙሩት፤ ሰሙ እንዳይዘው ነው።

የጅቡቲ ፀሐይ እዚህ ላይ ይገባል። ሰም ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣል፣ ከቫዝሊን ጋር ሲሆን ከዚያም ቀድሞ ይለሰልሳል። ሐምሌ ላይ አየሩ ራሱ ከ40 ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የተተወ ጥቁር ብልቃጥ ወይም የተቆለፈ መኪና ውስጥ የቀረ ሮቦት ማሸጊያው ሊፈስስ ይችላል። በሙቅ ሙጫ ሽጉጥ የተለጠፈ ነገርም እንደዚሁ ይላቀቃል። ሲጓጓዝ እርጥብ ጨርቅ ይልበስ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።

ሞተሩ ሲያልቅ ሌሊቱን በርሜሉ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት በ12 ቮልት አስነሡትና በቴስተር ስንት አምፔር እንደሚስብ ለኩ፣ አንዴ አየር ላይ፣ አንዴ ውኃ ውስጥ። ውኃ ውስጥ ያለው ቁጥር ይበልጣል፤ ደብተሩ ላይ የሚጻፈውም እሱ ነው። የፓምፕ ሞተር ከ2 እስከ 3 አምፔር ቢስብ የተለመደ ነው። በእያንዳንዱ ሞተር ሁለት እግሮች መካከል «104» የሚል የተጻፈበት ትንሽ ካፓሲተር ካላችሁ ከማሸጋችሁ በፊት በይዱበት። ሞተሩ ሲዞር ካሜራው ላይ የሚያመጣውን ዝናብ የመሰለ ጭረት ይቀንሳል።

ገመዱ

ሰው ሁሉ ኔትወርክ ኬብል ይዞ ይመጣል፣ ምክንያቱም ርካሽ ነው፣ ስምንት ሽቦም አለው። ለትንንሾቹ የአሻንጉሊት ሞተሮች ይሆናል። ለፓምፕ ሞተር ግን አይሆንም፤ ለምን እንደሆነ በሒሳብ እንየው። የዚህ ኬብል አንዱ ሽቦ በሜትር 0.084 ኦም ገደማ ይከለክላል። ኤሌክትሪኩ 15 ሜትር ሄዶ 15 ሜትር ይመለሳል፣ በድምሩ 30 ሜትር ነው፤ 2.5 ኦም ማለት ነው። ሞተሩ 2 አምፔር ሲስብ 5 ቮልት ገመዱ ውስጥ ይቀራል። ከባትሪው 12 ቮልት የወጣው ሞተሩ ጋ 7 ቮልት ሆኖ ይደርሳል፤ «ሞተሩ ደካማ ነው» እየተባለ የሚታማው ደግሞ ሞተሩ ይሆናል።

ባለ 0.75 ሚሊሜትር ካሬ የስፒከር ሽቦ ብትወስዱ በዚያው ርቀትና በዚያው አምፔር የሚጠፋው 1.5 ቮልት ብቻ ነው። ባለ 1.5 ሚሊሜትር ካሬው ወደ 0.7 ቮልት ያወርደዋል፣ ግን ሦስት ጥንድ ሲሆን ገመዱ ወፍሮ ሮቦቱን ይጎትተዋል። እኔ 0.75ቱን እመርጣለሁ። ለሦስቱ ሞተሮች ሦስት ጥንድ፣ ለካሜራው ኃይል አንድ ቀጭን ጥንድ፣ ለምስሉ አንድ የቪዲዮ ሽቦ፤ ሁሉንም በየግማሽ ሜትሩ በናስትሮ እሠሩ። በየማሠሪያው ውኃ የማይጠጣ ትንሽ የስፖንጅ ቁራጭ አብራችሁ ጠቅልሉበት፤ ገመዱ ወለል ላይ እየተጎተተ ድንጋይ እንዳይይዘው ነው።

ገመዱ አካሉ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ቧንቧው ላይ በደንብ ይታሠር፣ ከዚያ ሽቦዎቹ ላላ ብለው ወደ ሞተሮቹ ይሂዱ። ሮቦቱ በገመዱ ሲጎተት ጉልበቱ ብየዳው ላይ ካረፈ ይበጠሳል። መጋጠሚያዎቹን በብየዳ፣ ከዚያ በኤፖክሲ አሽጉ። ናስትሮ ብቻውን ውኃ አይከለክልም፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

የስዊች ሳጥኑና ባትሪው

ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ባለ ስድስት እግር ስዊች ያስፈልጋል፣ ሲለቁት ራሱ ወደ መሐል የሚመለሰው ዓይነት። መሐል ያሉት ሁለት እግሮች ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። በአንዱ ጫፍ ያሉት ሁለት እግሮች ከባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይቀበላሉ። ከእነዚህ እግሮች ደግሞ ሁለት አጫጭር ሽቦዎች ተነሥተው በሌላው ጫፍ ወዳሉት እግሮች ተመሰቃቅለው ይሄዳሉ፣ ግራው ወደ ቀኝ፣ ቀኙ ወደ ግራ። ስዊቹን ወደፊት ስትገፉት ሞተሩ በአንድ በኩል ይዞራል፣ ወደኋላ ስትስቡት በሌላው። የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ጥሩ ሳጥን ይወጣዋል። ሁለቱን የመግፊያ ስዊቾች ግራና ቀኝ፣ የመጥለቂያውን መሐል አድርጉ፤ ነጂው ስክሪኑን እንጂ እጁን እያየ መንዳት የለበትም።

ባትሪው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሆነ፣ የማይፈስሰው የተዘጋው ዓይነት ይሁን፤ ዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘው ነው። እየነዳችሁ እያረፋችሁ ግማሽ ሰዓት አያሳጣችሁም። ከፖዘቲቩ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባ። ሦስቱ ሞተሮች አብረው 7 ወይም 8 አምፔር የሚስቡ ከሆነ ባለ 10 አምፔሩ ይበቃል። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ማገናኘት የለም። መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግ።

አባታችሁ ወይም አጎታችሁ የከባድ መኪና ሹፌር ከሆነ «ከመኪናው እንሳብ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ከባድ መኪና የሚሠራው ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ በ24 ቮልት ነው፤ ሞተሮቻችሁን ያነዳቸዋል። ተዉት። ከግድግዳ የሚመጣ 220 ቮልትም በርሜሉ አጠገብ ፈጽሞ አይደርስም። ቻርጀሩ ሌላ ክፍል ውስጥ ሥራውን ይጨርስ፣ ባትሪው ተነቅሎ ይምጣ።

ካሜራው

በስልክ የሚታየው ቀጭን የኤንዶስኮፕ ካሜራ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የተሠሩት ለአንድ ሜትር ጥልቀትና ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ለበርሜል ልምምድ ይሆናል። ለባሕሩ የመኪና የኋላ ካሜራ ውሰዱ፤ በ12 ቮልት ይሠራል፣ 15 ሜትር ሽቦ አያስቸግረውም፣ ምስሉም ሳይዘገይ ይደርሳል። ስክሪኑም ከዚያው ከመኪና ዕቃ ሱቅ ይገኛል።

«ውኃ አይገባውም» የሚለውን የሻጭ ቃል አትመኑ። ካሜራውን አጭር የቧንቧ ቁራጭ ውስጥ አስገቡ፣ ፊቱን በጠራ ፕላስቲክ ዝጉ፣ ኋላውን በኤፖክሲ ሙሉ። የፊቱን ፕላስቲክ ውፍረት ስትመርጡ ይህን አስቡ፦ በየ10 ሜትሩ የውኃው ግፊት በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር አንድ ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ መስኮት 20 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። አምስት ሜትር ላይ 10 ኪሎ፣ አሥር ሜትር ላይ 20 ኪሎ ይጫነዋል። የሲዲ ሽፋን አይችለውም፤ ባለ 4 ወይም ባለ 5 ሚሊሜትር አክሪሊክ ይችለዋል።

ኤፖክሲውን ከመሙላታችሁ በፊት ግን ይህን የካሜራ ቤት ባዶውን ፈትኑት። ካሜራውን ሳታስገቡ ውስጡ የታጠፈ ሶፍት አድርጉ፣ ኋላውን ለጊዜው ዝጉት፣ ድንጋይ አሥራችሁ በርሜሉ ሥር አሳድሩት። ጠዋት ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ካሜራው ይገባል። አንድ ጠብታ ካለ ቤቱ እንደገና ይሠራል፤ ካሜራው ግን ተርፏል።

ሚዛኑ

ሁሉም ሲገጣጠም በርሜሉ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ይሰምጣል። አሁን ማንሳፈፊያ ትጨምራላችሁ፤ ማንሳፈፊያው ሁልጊዜ ከላይ፣ ክብደቱ ሁልጊዜ ከታች ነው። ይህ ከተገለበጠ ሮቦቱም ይገለበጣል። ለማንሳፈፊያ ያረጀ ነጠላ ጫማ ጥሩ ነው፤ ስፖንጁ ውኃ አይጠጣም፣ በቢላ ይቆረጣል፣ በየሰፈሩ ተጥሎ ይገኛል። የውኃ ላስቲክ ጠርሙስ አትጠቀሙ፤ ወደታች ሲወርድ ይጨመቃል፣ በተጨመቀ ቁጥር የማንሳፈፍ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ከአንድ ጥልቀት በኋላ ሮቦቱ ወደላይ መመለስ ያቅተዋል።

የላይኛው ቧንቧ ላይ የጫማውን ቁራጭ በፕላስቲክ ማሠሪያ እሠሩ፣ እዩ፣ ቀንሱ፣ እንደገና እዩ። የምትፈልጉት የላይኛው ጫፉ ብቻ ከውኃው ብቅ ብሎ፣ በጣት ሲነኩት ሰምጦ ቀስ እያለ የሚመለስ ሮቦት ነው። ኃይል ቢቋረጥ ራሱ ይወጣል፣ የመጥለቂያው ሞተር ደግሞ ለማውረድ አይቸገርም። ወደፊት ካዘነበለ ማንሳፈፊያውን ወደፊት አንሸራቱት። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ አትቸኩሉ። በጥሩ ሞተርና በመጥፎ ሚዛን የሚሄድ ሮቦት ካሜራው ሰማይ ሰማይ እያየ ይውላል።

እዚህ ላይ ባሕር የሚጠብቃችሁ ወጥመድ አለ። የባሕር ውኃ ከንጹሕ ውኃ በ2.5 በመቶ ያህል ይከብዳል። ሮቦታችሁ፣ ሁሉም ዕቃው ተደምሮ፣ ሦስት ሊትር ቦታ የሚይዝ ከሆነ ባሕር ውስጥ 75 ግራም ያህል ተጨማሪ ወደላይ ይገፋል። በርሜሉ ላይ ልክ የነበረው ሮቦት ባሕር ላይ እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል፣ ሞተሩ ቢጮኽም አይወርድም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ባሕሩን ወደ በርሜሉ አምጡት። በሊትር 35 ግራም ሒሳብ ለ200 ሊትር 7 ኪሎ ጨው ይበቃል። ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የአሳል ሐይቅ ባለበት አገር ጨው ውድ ሊሆን አይችልም። ጨዉን አማስሉ፣ ሮቦቱን መልሳችሁ ልቀቁ፣ ትርፍ የተንሳፈፈውን ያህል ብሎንና ዳዶ ከታችኛው ቧንቧ ላይ እሠሩ፣ ክብደቱንም ደብተር ላይ ጻፉ። ለዕረፍት ሀገር ቤት ሄዳችሁ ጣና ላይ ልትሞክሩት ካሰባችሁ ያንኑ ክብደት ፈታችሁ ትወስዱታላችሁ።

በርሜሉ ሥር የብረት ቀለበት ጣሉና በሽቦ መንጠቆ አንሡ፣ ስክሪኑን ብቻ እያያችሁ። ሁሉም የቡድኑ አባል ይሞክር። ቀለበቱን ሳያነሣ ማንም ባሕር ላይ አይነዳም።

ወደ ባሕር

ጅቡቲ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይና፣ ጃፓንና ጣሊያን የጦር ሰፈር ያቆሙባት ከተማ ናት። ካሜራ የተገጠመለት ነገር ውኃ ውስጥ የሚነዳ ልጅ ሲታይ የሚጠየቀውን ጥያቄ መገመት አያስቸግርም። ከወደብ፣ ከመርከብና ከጦር ሰፈር አጠገብ በፍጹም እንዳትሞክሩ። ሌላ ቦታም ቢሆን ከትምህርት ቤታችሁ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ የሮቦቱን ሥዕልና የምትሄዱበትን ቀን ይዛችሁ ፖሊስንና የጠረፍ ጠባቂውን አስፈቅዱ። አንድ ትልቅ ሰው፣ መምህር ወይም ወላጅ፣ አብሯችሁ ይሁን።

ለሰፈሩ የሚቀርበው የሲየስታ ዳርቻ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ግን ጭቃው ሰፍቶ ይቀራል፣ ውኃውም ይደፈርሳል፤ ሞልቶ ባለበት ሰዓት ካልሄዳችሁ ስክሪኑ ላይ ቡናማ ቀለም ብቻ ታያላችሁ። ከከተማው ወጣ ያለው ኮር አምባዶ ይሻላል። ከኅዳር እስከ ጥር በአርታ በኩል የዓሣ ነባሪ ሻርክ ለማየት ሰው ይሄዳል። እናንተ ግን ገመድ ያለው ነገር ይዛችሁ እነሱ ያሉበት ውኃ ውስጥ አትግቡ፤ ቢጠመጠምባቸው መፍታት አይቻልም።

ማለዳ ሂዱ። ሲረፍድ ነፋሱ ይነሣል፣ ሙቀቱም ይበረታል፣ ስክሪኑም በፀሐይ አይታይም፤ ለስክሪኑ ካርቶን ሳጥን አልብሱትና ነጂው አንገቱን ያስገባበት። ሁላችሁም ጫማ ይኑራችሁ፤ የባሕር ጃርት ባዶ እግር አይምርም። ውኃ ውስጥ የሚገባ ልጅ መዋኘት የሚችል ይሁን፣ ብቻውንም አይግባ።

ባሕር ላይ ዋናው ሰው ነጂው አይደለም፣ ገመድ ያዡ ነው። ሮቦቱ ሲሄድ ይለቃል፣ ሲመለስ ይሰበስባል፣ ሳይወጠር ሳይላላ። ነጂው የሚያየው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው፤ ገመዱ የትኛው ድንጋይ ላይ እንደተጠመጠመ የሚያውቀው በእጁ የያዘው ሰው ነው። «ቁም» ሲል ነጂው ወዲያው ስዊቹን ይለቃል፣ ክርክር የለም። ገመዱ ላይ በየሜትሩ በቀለም ምልክት ካደረጋችሁ ጥልቀቱንም የሚናገረው እሱ ነው።

መጀመሪያ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ልቀቁት፣ አካሉ ውስጥ የታፈነው አየር እስኪወጣ ነቅነቅ አድርጉት፣ ሚዛኑን እዩ። ከዚያ አንድ ሜትር አውርዳችሁ ለአምስት ደቂቃ አቆዩትና አውጡት፤ የካሜራው መስኮት በውስጥ በኩል ጉም ከያዘ ውኃ እየገባ ነው፣ የዕለቱ ሥራ በዚያው ያበቃል። ደኅና ከሆነ ወደ ሦስት፣ ቀጥሎ ወደ አምስት ሜትር። ስክሪኑን በስልክ ቅረጹት፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ጥልቀቱን ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ቤት ስትመለሱ ድካም ቢኖርም ሳይታጠብ አይደር። ጨው መዳቡንና ብረቱን በአንድ ሌሊት ይጀምረዋል። ሮቦቱን ጨው በሌለው ውኃ ባልዲ ውስጥ ንከሩት፣ ሞተሮቹን እዚያው ውስጥ ለአንድ ደቂቃ አዙሯቸው፣ ገመዱን በእርጥብ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥረጉ። በፕሮፔለሮቹ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ የናይለን ክር ካለ በቢላ ሳይሆን በመርፌ አውጡ፤ ቢላ ማሸጊያውን ይቆርጣል። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ዘንጎቹ አዲስ ግራሶ ይቀቡ፣ ባትሪው ዕለቱን ይሞላ፤ ባዶውን የተቀመጠ ባትሪ ለሚቀጥለው ሳምንት አይደርስም። የሞተሮቹን አምፔር እንደገና ለክታችሁ ከመጀመሪያው ቁጥር ጎን ጻፉ። ከሦስቱ የአንዱ ቁጥር ከፍ ብሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶታል ወይም ዘንጉ እየያዘው ነው፤ እሱ ሳይፈታ ሮቦቱ ወደ ባሕር አይመለስም።